ባጉ ተስተካክሏል፤ ግን የትኛው ብራንች ላይ?

ኢሹ ትራከራችን (የችግር ሪፖርቶች መዝገባችን) ላይ ደጋግሞ የሚነሳ አንድ ክርክር አለ። አንድ ሰው ስለ አንድ ባግ፣ ማለትም የኮድ ስህተት፣ ይጽፋል። ፕሮጀክቱን ከሚጠብቁት ሜንቴነሮች አንዱ «ይሄማ ተስተካክሏል፤ ኢሹው ከተዘጋ ቆይቷል» ይለዋል። ሰውየው ደግሞ «እኔ ጋ እኮ አሁንም አለ፤ ትናንት ነው ያወረድኩት» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ማስተካከያው ሜይን፣ ማለትም ዋናው የኮድ መስመር (ብራንች) ላይ ገብቷል፤ ሰውየው የሚጠቀመው ግን ከ2.4 ብራንች ለተጠቃሚ የወጣውን ሪሊዝ ነው። ለእሱ ሜይን ላይ ያለ ማስተካከያ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

መካከለኛ መጠን ያለው አንድ የኦፕን ሶርስ ላይብረሪ ከሌሎች በጎ ፈቃደኞች ጋር እጠብቃለሁ። ብዙ ፕሮጀክቶች ብራንች ማስተዳደርን የጊት (የኮድ ለውጦች መመዝገቢያው) ሥራ፣ ባግ መከታተልን የኢሹ ትራከር ሥራ አድርገው ለየብቻ ይይዙታል። እኛም ዘንድ ለረጅም ጊዜ እንደዚያው ነበር፤ ብራንቹን የሚያውቅ ሰው ሌላ፣ ኢሹውን የሚያይ ሰው ሌላ። ሥራው መልክ የያዘው ሁለቱን አንድ ላይ ማየት ስንጀምር ነው። ባግ በደፈናው «አለ» ወይም «የለም» ሊባል አይችልም። «2.3 ላይ አለ፤ 2.4 ላይ ተስተካክሏል፤ ሜይን ላይ ያ ኮድ ከናካቴው ተነስቷል» ነው የሚባለው። የአሠራራችን ዝርዝር ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ከብራንቾቹ ልጀምር። ስንት ብራንች ያስፈልጋል ለሚለኝ ሰው መልሴ «ቃል የገባችሁትን ያህል» የሚል ነው። ሜይን ለሚቀጥለው ሪሊዝ ነው። 2.4 ብራንች ደግሞ ለ2.4 ተጠቃሚዎች የተገባ ቃል ነው፦ ባግ እናስተካክላለን፣ አዲስ ነገር አንጨምርም፣ የሚሠራላችሁን አናበላሽም። ለማንም ቃል ያልተገባበት ረጅም ዕድሜ ያለው ብራንች ሸክም ብቻ ነው፤ አዲስ ባግ በመጣ ቁጥር «እዚህስ አለ ወይ?» ተብሎ የሚጠየቅበት ቦታ ይጨምራል። እንደ 2.4 ያለ፣ ማስተካከያ ብቻ የሚገባበት ሦስት ስቴብል ብራንች የያዘ ፕሮጀክት አንድ ባግ ሲመጣለት ከሜይን ጋር አራት ጥያቄ መጣለት ማለት ነው።

እኛ ጋ ቀደም ሲል ከማስተር ጎን ዴቨሎፕ የሚባል ብራንች ነበር። ጊትፍሎ ከሚባለው፣ ቪንሰንት ድሪሰን በ2010 ካቀረበው አሠራር የተወሰደ ነው። ድሪሰን ራሱ በ2020 ባከለው ማስታወሻ፣ ሥራቸውን ያለማቋረጥ ለሚለቅቁ የዌብ ቡድኖች ቀለል ያለ አሠራር እንደሚሻል፣ በአንድ ጊዜ ብዙ ቨርዥን ለሚደግፉ ግን ጊትፍሎ አሁንም ሊስማማ እንደሚችል ጽፏል። እኛ ብዙ ቨርዥን የምንደግፍ ብንሆንም ዴቨሎፕን አንስተነዋል። ማስተር «የተለቀቀው ኮድ ይህ ነው» ከማለት ሌላ ሥራ አልነበረውም፤ ይህን ደግሞ ሪሊዞቹ ላይ የሚለጠፉት ምልክቶች፣ ታጎቹ፣ በትክክል ይነግሩናል። በዚያ ላይ አዲስ የሚመጣ ኮንትሪቢውተር ሁሉ ፑል ሪኩዌስቱን («ለውጤ ይግባ» የሚል ጥያቄውን) የተሳሳተው ብራንች ላይ እየከፈተ መላሽና አስመላሽ ሆነን ነበር።

የአጭር ጊዜ ብራንቾች ብዙ የሚያነጋግሩ አይደሉም። ስማቸው ላይ የኢሹው ቁጥር ይኑር፤ ሥራው መርጅ እንደተደረገ፣ ማለትም ከሜይን ጋር እንደተዋሃደ፣ ይሰረዙ። ኮሚቱ፣ የተመዘገበው ለውጥ፣ ሜይን ላይ ስላለ የሚጠፋ ነገር የለም።

ዋናው ውሳኔ ማስተካከያ ከየት ወደ የት ይፈስሳል የሚለው ነው። ሁለት መንገዶች አሉ፤ ሁለቱም ትልልቅ ፕሮጀክቶች ላይ ይሠራሉ። የጊት ፕሮጀክት ራሱ ማስተካከያው ከሚያስፈልጋቸውና አሁንም ከሚደገፉት ብራንቾች በጣም አሮጌው ላይ እንዲጀመር፣ ከዚያ በመርጅ ወደ አዳዲሶቹ እንዲወጣ ይመክራል። የሊነክስ ከርነል (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ አንድ ፓች፣ ማለትም የኮድ ማስተካከያ፣ ወደ ስቴብል እንዲገባ እሱ ራሱ ወይም አቻው አስቀድሞ ዋናው ከርነል ውስጥ መኖር አለበት። የፓይተን ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ፕሮጀክት በ2017 ወደ ጊትሃብ (ኮድና ኢሹ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) ሲዛወር ከመጀመሪያው መንገድ ወደ ሁለተኛው ነው የተሻገረው።

የመጀመሪያው መንገድ ትልቅ ጥቅም አለው። ማስተካከያው በሁሉም ብራንች ላይ ያው ኮሚት ስለሆነ «ይህ ማስተካከያ የት የት አለ?» ብላችሁ ጊትን ስትጠይቁ በእርግጠኝነት ይመልስላችኋል። የጊት ብራንች ትእዛዝን በኮንቴይንስ ምርጫው ከኮሚቱ መለያ ጋር ብታሂዱት፣ ኮሚቱን የያዙ ብራንቾችን ይዘረዝራል። ጊት ታግም እንዲሁ ኮሚቱን የያዙ ሪሊዞችን ይዘረዝራል። እኛ ግን የመረጥነው ሁለተኛውን ነው። ምክንያታችን ሰው ነው፦ ፓች የሚልኩልን ሰዎች የሚያውቁት ሜይንን ነው፤ «አይ፣ ይህን 2.3 ላይ አስተካክለህ ላክ» ብንላቸው ግማሾቹ አይመለሱም። ሜይን ላይ እንቀበልና ወደ ኋላ የማድረሱን ሥራ፣ ባክፖርቱን፣ እኛ ሜንቴነሮቹ እንወስደዋለን።

ይህን መንገድ የመረጠ ግን ዋጋውን አውቆ ይምረጥ። ቼሪ ፒክ ሲደረግ፣ ማለትም አንድ ኮሚት ተመርጦ ወደ ሌላ ብራንች ሲገለበጥ፣ አዲስ ኮሚት ይፈጠራል፤ መለያው ሌላ ነው። ስለዚህ ጊት በራሱ «2.4 ላይ ያለው ያኛው የሜይን ኮሚት ነው» ብሎ አያውቅም። ይህን ክፍተት የምንሞላው ቼሪ ፒክን ሁልጊዜ በኤክስ ምርጫው በማሄድ ነው። ያኔ ኮሚት መልእክቱ ግርጌ ላይ ከየትኛው ኮሚት እንደተወሰደ የሚናገር መስመር ይጨመራል። ኋላ የ2.4ን ሎግ በዋናው ኮሚት መለያ ስንፈልግ እናገኘዋለን። ኮንፍሊክት (የሁለት ለውጦች ግጭት) ፈትታችሁ ከጨረሳችሁ ደግሞ መስመሩ መኖሩን ዐይናችሁ ይይ፤ ከሌለ በእጅ ጻፉት። ያለዚህ መስመር የሚደረግ ባክፖርት ከዓመት በኋላ ማንም የማያገኘው ባክፖርት ነው።

ኮንፍሊክት ያለበትን ባክፖርት ብዙ አልፈራውም፤ ቆም ብላችሁ እንድታዩ ያስገድዳችኋል። የሚያስፈራው ያለ ምንም ድምፅ ልክክ ብሎ የሚገባው ነው። አንድ ጊዜ ከሜይን ወደ 2.3 የወሰድነው የሦስት መስመር ማስተካከያ ያለ ኮንፍሊክት ገባ፤ ኮምፓይልም አደረገ። ነገር ግን ማስተካከያው የሚጠራው ርዝመት የሚመልስ ፈንክሽን ሜይን ላይ ባይት ይቆጥራል፤ 2.3 ላይ ደግሞ ፊደል ነበር የሚቆጥረው። ስሙ አንድ፣ ትርጉሙ ሁለት። ከእንግሊዝኛ ፊደል ውጭ ያለ ጽሑፍ ሲገባ ብቻ የሚገለጥ አዲስ ባግ ልንለቅቅ ነበር። ያተረፈን ከማስተካከያው ጋር አብሮ የመጣው ቴስት፣ ኮዱን የሚፈትሸው ኮድ፣ ነው።

ስለዚህ ቴስት የሌለው ማስተካከያ ወደ ስቴብል አይሄድም። ከዚህም አልፎ ቅደም ተከተሉ ይጠቅማል፦ መጀመሪያ ቴስቱን ብቻውን ወደ አሮጌው ብራንች አምጥቼ አሂደዋለሁ። ከወደቀ ባጉ እዚያም እንዳለ አወቅሁ፤ ማስተካከያውን አምጥቼ ሲያልፍ አያለሁ። ማስተካከያው ሳይመጣ ካለፈ ደግሞ ወይ ባጉ እዚያ ብራንች ላይ የለም፣ ወይ ቴስቱ እዚያ ሌላ ነገር እየለካ ነው። ያኔ ባክፖርቱ ይቆያል። «ለማንኛውም ይግባ» የሚለው ነገር ስቴብል ብራንች ላይ ቦታ የለውም። የከርነል ሰዎቹ አንድ የስቴብል ፓች ከነዙሪያ መስመሮቹ ከ100 መስመር እንዳይበልጥ የሚል ደንብ አላቸው፤ እኛ ቁጥር ባናስቀምጥም በአንድ ገጽ ታይቶ የማያልቅ ባክፖርት ሲመጣ ሁለተኛ ሰው እንዲያየው እናደርጋለን።

አሁን ወደ ኢሹው እንምጣ። እዚህ ጋ መሣሪያው ራሱ ይከለክላችኋል። ጊትሃብ ላይ አንድ ኢሹ ወይ ክፍት ነው ወይ ዝግ፤ «እዚህ ዝግ፣ እዚያ ክፍት» የሚባል ነገር የለም። ዴቢያን የተባለው የሊነክስ ዲስትሪቢውሽን (ፕሮግራሞችን አሰባስቦ የሚያከፋፍል ፕሮጀክት) ባግ መከታተያው ውስጥ አንድ ባግ በየትኛው ቨርዥን እንደተገኘና በየትኛው እንደተስተካከለ ለየብቻ ይመዘግባል፤ ላንችፓድ የተባለው መድረክም አንድን ባግ ለተለያዩ የሪሊዝ መስመሮች ለየብቻ ሁኔታ ይሰጠዋል። ያንን ያየ የጊትሃብ ተጠቃሚ መቅናቱ አይቀርም። ሆኖም ኮንትሪቢውተሮቹ ያሉት ጊትሃብ ላይ ስለሆነ በእጃችን ባለው መሥራት ነበረብን።

በዚያ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር አለ። ፑል ሪኩዌስት ላይ «ፊክስስ» ብሎ የኢሹ ቁጥር መጻፍ ኢሹውን በራሱ የሚዘጋው ፑል ሪኩዌስቱ ዲፎልት ብራንቹ (እኛ ጋ ሜይን) ላይ ያነጣጠረ ከሆነ ብቻ ነው። 2.4 ላይ መርጅ የተደረገ ባክፖርት ምንም አይዘጋም። ይህ ማለት መሣሪያው «ተዘጋ» ሲል «ሜይን ላይ ገባ» ማለቱ ነው፤ ተጠቃሚው ደግሞ «ተዘጋ»ን የሚያነበው «ባወርደው ይሠራል» ብሎ ነው። መግቢያው ላይ የጠቀስኩት ክርክር የሚወለደው እዚህ ጋ ነው።

ሁለት አማራጭ ነበረን፦ ኢሹውን እስከ ሪሊዝ ድረስ ክፍት ማቆየት፣ ወይም ሜይን ላይ ሲገባ ይዘጋና ቀሪውን በሌላ መንገድ መያዝ። የመጀመሪያው ለተጠቃሚው ግልጽ ነው፤ ግን ሥራቸው ያለቀ ኢሹዎች ካላለቁት ጋር ተቀላቅለው ክፍቱን ዝርዝር ያጥለቀልቁታል፤ ሥራ ፈልጎ የሚመጣ አዲስ ሰውም የተሠራውን ሊሠራ ይቀመጣል። እኛ ሁለተኛውን ይዘን ሦስት ነገር ጨመርንበት። እያንዳንዱ የሚደገፍ ብራንች «ወደ 2.4 ይሂድ» የሚል ዓይነት ሌብል አለው፤ ፓይተንም ተመሳሳይ ሌብል ይጠቀማል፤ እነሱ እንዲያውም ሌብሉን አይቶ የባክፖርቱን ፑል ሪኩዌስት የሚከፍት ቦት አላቸው። ሌብሉን የሚያነሳው ባክፖርቱን መርጅ ያደረገው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ «ዝግ ሆኖ ሌብሉ ያልተነሳለት» ብለን ስንፈልግ የሚመጣው ዝርዝር የባክፖርት ሥራ ዝርዝራችን ነው፤ የ2.4 ሪሊዝ ከመውጣቱ በፊትም ያ ዝርዝር ባዶ መሆን ወይም አንድ በአንድ «ይህ አይገባም» መባል አለበት። ሦስተኛው፣ ኢሹው ሲዘጋ «በ2.5.0 እና በ2.4.7 ይወጣል» የሚል አንድ መስመር ይጻፋል። ይህች አንድ መስመር ከሌብሉ ሁሉ በላይ ክርክር ቀንሳልናለች ብዬ አምናለሁ።

ተደጋጋሚ ሪፖርት የሚያናድዳቸው ሜንቴነሮች አሉ። እኔ እወደዋለሁ። ሜይን ላይ የተስተካከለ ባግ ከ2.3 ተጠቃሚዎች በተከታታይ ሲመጣ፣ ባክፖርቱ ለየትኛው ብራንች እንደሚያስፈልግ በነፃ እየነገሩን ነው። ከዋናው ኢሹ ጋር አገናኝቶ መዝጋት፣ «ቀድሞ ተጠይቋል» ከማለት ይልቅም ቨርዥናቸውን ዋናው ኢሹ ላይ ማስፈር ይበቃል።

ለዚህ ሁሉ ግን ሪፖርት የሚያደርገው ሰው ትክክለኛ ቨርዥኑን መናገር አለበት፤ «የመጨረሻውን ነው የምጠቀመው» ደግሞ ቨርዥን አይደለም። የመጨረሻው ያለው የማን ነው? የዲስትሪቢውሽኑ፣ ከፓኬጅ ማከማቻው ያገኘው ወይስ ራሱ ከሜይን ኮምፓይል ያደረገው? ስለዚህ ፕሮግራሙ ራሱ እንዲናገር አድርገናል። የቨርዥን ትእዛዙ የጊት ዲስክራይብን ውጤት ያትማል፦ ቅርቡን ታግ፣ ከዚያ ወዲህ ስንት ኮሚት እንደተጨመረ፣ ከዚያም የኮሚቱን አጭር መለያ። የሪፖርት ፎርሙ ይህን እንዲለጥፉና ከየት እንዳገኙት እንዲጽፉ ይጠይቃል። ሁለተኛው ጥያቄ ቀላል ይምሰል እንጂ ዲስትሪቢውሽኖች የራሳቸውን ፓች ስለሚጨምሩ፣ ቁጥሩ አንድ ሆኖ ኮዱ ሌላ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የምወደው መሣሪያ ነው፤ ጊት ቢሴክት። አብዛኛው ሰው ባጉን ያመጣውን ኮሚት ፈልጎ ምክንያቱን ለመረዳት ይጠቀምበታል። ጥሩ የሆነውንና የተበላሸውን ኮሚት ትሰጡታላችሁ፤ መሐሉን እየከፈለ ይሄዳል። 1000 ኮሚት ቢኖር ወደ 10 ሙከራ ነው። ስክሪፕት ከሰጣችሁት ብቻውን ይሠራል፤ ስክሪፕቱ 0 ሲመልስ ጥሩ፣ 125 ሲመልስ «ይህን ዝለል» ማለት ነው፤ ኮምፓይል የማያደርግ ኮሚት ሲያጋጥም 125 ያስፈልጋችኋል።

ለእኔ ግን የቢሴክት ትልቁ ዋጋ ከዚያ በኋላ ነው። ባጉን ያመጣው ኮሚት ከታወቀ ያንን ኮሚት የያዙትን ታጎችና ብራንቾች ጊት ይዘረዝራል፤ ማስተካከያው የት የት መድረስ እንዳለበት በግምት ሳይሆን በዝርዝር ታወቀ ማለት ነው። የከርነል ሰዎቹ ማስተካከያ ሲጽፉ መልእክቱ ግርጌ ላይ ባጉን ያመጣውን ኮሚት መለያ የመጀመሪያ 12 ፊደላትና ርዕሱን የሚያስቀምጡት ለዚህ ነው። ስቴብሉን የሚጠብቅ ሰው እስከ የት ወደ ኋላ መሄድ እንዳለበት ከዚያ መስመር ያነባል። እኛም ልማዱን ወስደነዋል። አንድ ጥንቃቄ አለው፦ ጥፋተኛው ኮሚት ራሱ ቀደም ሲል ወደ አሮጌ ብራንች ባክፖርት ተደርጎ ከሆነ፣ እዚያ በሌላ መለያ ስለሚኖር ከዝርዝሩ ይቀራል። ሎጉንም በመለያው ፈልጉ፤ ያቺ የኤክስ መስመር እዚህም ትጠቅማችኋለች።

ቢሴክት በግልባጩም ይሠራል። 2.3 ላይ ያለ ባግ ሜይን ላይ ከሌለ፣ ማንም ሆን ብሎ ሳይሆን በሌላ ሥራ መሐል ያስተካከለው ኮሚት አለ ማለት ነው። «ጥሩ» እና «መጥፎ» የሚሉትን ቃላት በ«ኦልድ» እና በ«ኒው» ተክታችሁ ባጉ የጠፋበትን ኮሚት ማስፈለግ ትችላላችሁ። ባክፖርት የሚደረገው እሱ ነው፤ ወይም ግዙፍ ሆኖ ከተገኘ ከውስጡ የምትፈልጉት ቁራጭ።

ይህ ሁሉ ግን ኮሚቶቹ ንጹሕ ከሆኑ ነው። ግማሹ ኮምፓይል የማያደርግ ታሪክ ላይ ቢሴክት ይደናበራል። በሌላ በኩል ሁሉን ነገር ስኳሽ አድርጎ፣ ማለትም ብዙ ኮሚቶችን ወደ አንድ አጠቃልሎ፣ ማስገባት ባክፖርትን ያቀላል፤ ነገር ግን ቢሴክት በመጨረሻ የ2000 መስመር ኮሚት ላይ አድርሶ «እዚህ ውስጥ ነው» ብሎ ይተዋችኋል። እኛ ትንንሽ ማስተካከያዎችን ስኳሽ እናደርጋለን፤ ትልልቅ ሥራዎች በተለያዩ ፑል ሪኩዌስቶች ተከፋፍለው እንዲመጡ እንለምናለን። ሁልጊዜ አይሳካም።

ሌብሎችን በተመለከተ ከብራንች ሌብሎቹ ውጭ ያስቀረነው ጥቂት ነው። ከእነዚያ ውስጥ ቅድሚያ የምሰጠው ሪግሬሽን ለሚለው ነው፤ ቀድሞ ይሠራ የነበረ ነገር መበላሸቱን ይናገራል። አዲስ ቨርዥን አውርዶ ሥራው የቆመበት ሰው ሁለተኛ ጊዜ ለማሻሻል ይፈራል፤ ያኔ አሮጌ ብራንቾቻችሁን መዝጋትም አትችሉም። ለቆዩ ኢሹዎች «እንቅስቃሴ የለም» ብሎ በራሱ የሚዘጋውን ቦት ግን አጥፍተነዋል። ማንም ስላልመለሰለት ባግ ራሱን አያርምም።

የደኅንነት ባግ ከዚህ አሠራር ውጭ ነው። በአደባባይ ኢሹ አይከፈትለትም፤ ብራንቹም ላይ የሚያስታውቅ ስም አይለጠፍም። ጊትሃብ ላይ ለዚህ የሚሆን ጊዜያዊ የግል ፎርክ (የፕሮጀክቱን ቅጂ) መክፈት ይቻላል። ለሁሉም የሚደገፉ ብራንቾች ማስተካከያው እዚያ ተዘጋጅቶ በአንድ ቀን ይለቀቃል። ሜይን ላይ ዛሬ አስገብቶ ባክፖርቱን ለሳምንት ማቆየት፣ ለ2.4 ተጠቃሚዎች ጠላት ቀዳዳውን ማሳየት ነው።

ብራንች መቼ ይዘጋል? ቀኑ ብራንቹ ሲከፈት ነው መነገር ያለበት። ፓይተን ለእያንዳንዱ ቨርዥን አምስት ዓመት ያህል ይሰጣል፤ እኛ በጎ ፈቃደኞች ስለሆንን ከዚያ በጣም ያነሰ ነው፤ ግን ከመጀመሪያው ተጽፏል። ቀኑ ሲደርስ የመጨረሻው ሪሊዝ ታግ ይደረጋል፤ «ወደ 2.3 ይሂድ» የሚለው ሌብል ከቀሩት ኢሹዎች ላይ ይነሳል፤ 2.3 ላይ ብቻ ያሉት ባጎች ባለቤቶች በአዲሱ ላይ እንዲሞክሩ ይጠየቃሉ። መልስ ያልመጣላቸው «አልታቀደም» በሚለው ምክንያት ይዘጋሉ፤ «ተጠናቋል» በሚለው አይደለም፤ ኋላ የሚፈልግ ሰው ልዩነቱን ከዚያ ነው የሚያየው። ብራንቹን ግን አንሰርዘውም። የሚጠብቀው ሰው ባይኖርም ዲስትሪቢውሽኖች 2.3ን ከእኛ በኋላም ለዓመታት ይዘውት ሊቆዩ ይችላሉ፤ ፓቻቸውን የሚመሠርቱበት ቦታ እንዲያገኙ አዲስ ነገር እንዳይጻፍበት ብቻ እንቆልፈውና ሪድሚው (የመግለጫ ፋይሉ) አናት ላይ «ከእንግዲህ ባግ እዚህ አይስተካከልም፤ ወደ 2.4 ተሻገሩ» ብለን እንተወዋለን።